የስኳር ሕመምን መረዳት፦ በእርግዝና ወቅት የሚከሰተውን ጨምሮ

የስኳር ሕመም በደም ውስጥ ያለው የግሉኮስ ማለትም የስኳር መጠን ከጤናማው ልክ በላይ ከፍ ብሎ የሚቆይበት የረጅም ጊዜ ሕመም ነው። የምንመገበው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ድንች ወይም ፍራፍሬ ከተፈጨ በኋላ አብዛኛው ክፍሉ ወደ ግሉኮስ ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ግሉኮስ ለሰውነት ሴሎች እንደ ማገዶ የሚያገለግል ሲሆን ከደም ወጥቶ ወደ ብዙዎቹ ሴሎች ለመግባት ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ያስፈልገዋል። ኢንሱሊንን የሚያመርተው ከጨጓራ በስተጀርባ የሚገኘው ቆሽት ነው። ቆሽት ኢንሱሊን ማምረቱን ሲያቆም፣ የሚያመርተው መጠን ሲያንስ ወይም ሰውነት የተመረተውን በሚገባ መጠቀም ሲያቅተው ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ይህ ሁኔታ ለዓመታት ሲቆይ የልብንና የአንጎልን የደም ሥሮች፣ ዓይንን፣ ኩላሊትንና የእግር ነርቮችን ይጎዳል።

ጉዳቱ በአመዛኙ መከላከል የሚቻል ነው። ችግሩ ብዙ ሰዎች ሕመሙ እንዳለባቸው አለማወቃቸው ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት መሠረት በአፍሪካ 24 ሚሊዮን የሚሆኑ ጎልማሶች ከስኳር ሕመም ጋር የሚኖሩ ሲሆን ከእነዚህ መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም። በእርግዝና ወቅት የሚከሰተው የስኳር ሕመም ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ምልክት አልባ በመሆኑ በዚህ ጽሑፍ ሰፊውን ቦታ ይዟል።

የሕመሙ ዓይነቶች

ዓይነት 1 የሚባለው የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት በስሕተት የቆሽትን ኢንሱሊን አምራች ሴሎች ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። በአብዛኛው በልጆችና በወጣቶች ላይ ይታያል፤ ምልክቶቹም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጎልተው ይወጣሉ። ሕክምናው ዕድሜ ልክ በየዕለቱ የሚወሰድ የኢንሱሊን መርፌ ነው። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 ከመገኘቱ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ከጥቂት ወራት ወይም ዓመታት በላይ አይኖርም ነበር። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሕፃን ተምሮ፣ ሠርቶና ወልዶ ሊኖር ይችላል።

ዓይነት 2 ከሁሉም የሚበዛው ነው። ቀስ ብሎ የሚጀምር ሲሆን የሰውነት ክብደት መጨመር፣ የአካል እንቅስቃሴ ማነስ፣ የዕድሜ መግፋትና በቤተሰብ ውስጥ ሕመሙ መኖሩ ያጋልጣሉ። በአመጋገብና በእንቅስቃሴ፣ እንደ ሜትፎርሚን ባሉ እንክብሎች፣ አንዳንድ ጊዜም በኢንሱሊን ይታከማል።

የስኳር ሕመም የባለጸጎች በሽታ ነው የሚለው አነጋገር ግን ትክክል አይደለም። በጎንደር አካባቢ በተደረገ ጥናት ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን ብዙዎቹ ቀጫጭኖችና ዝቅተኛ ኑሮ ያላቸው ሆነው ተገኝተዋል። ስኳር በብዛት መብላት ብቻውን ሕመሙን ያመጣል፣ ሻይን ያለ ስኳር መጠጣትም ያድነዋል የሚለው አስተሳሰብም እንዲሁ ሰዎችን ከምርመራ ያዘናጋል።

ሦስተኛው በእርግዝና ወቅት የሚጀምረው ሲሆን ወደ ኋላ በዝርዝር ይቀርባል።

ምልክቶችና ምርመራ

የተለመዱት ምልክቶች ከፍተኛ የውኃ ጥም፣ በተለይ ሌሊት ደጋግሞ መሽናት፣ እየበሉ መክሳት፣ ድካም፣ የዓይን ብዥታ፣ ቶሎ የማይድን ቁስልና በብልት አካባቢ የሚደጋገም ማሳከክ ናቸው። ሽንት ላይ ጉንዳን መሰብሰቡን አይተው ወደ ጤና ተቋም የሚመጡ ሰዎችም አሉ። ሆኖም ዓይነት 2 ያለበት ሰው ለዓመታት አንዳች ምልክት ላይታይበት ስለሚችል፣ ምልክት አለመኖር የጤንነት ማረጋገጫ አይደለም።

ወላጆች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ጉዳይ አለ። በሌሊት ሽንት መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ከጀመረ፣ ውኃ አብዝቶ ከጠየቀና ከከሳ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ የፍራፍሬ ዓይነት የአፍ ጠረንና መፍዘዝ ከተጨመሩ ኬቶአሲዶሲስ የተባለው ለሕይወት አስጊ ሁኔታ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁኔታ ከወባ፣ ከታይፎይድ ወይም ከሆድ ዕቃ ሕመም ጋር በቀላሉ ስለሚምታታ፣ ወላጆች «የስኳር መጠኑ ይለካልን» ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ልኬቱ ከጣት የምትወሰድ አንዲት ጠብታ ደም ብቻ የሚፈልግ ነው።

በምርመራ ረገድ፣ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምንም ሳይበሉ የሚለካው የደም ስኳር በዴሲሊትር 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመም መኖሩን ያመለክታል። በእነዚህ ሰዓታት ንጹሕ ውኃ መጠጣት የሚፈቀድ ሲሆን ሻይና ቡና ግን አይፈቀዱም። ምልክት ባለበት ሰው ላይ በማንኛውም ሰዓት የተለካ 200 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤትም እንዲሁ ይቆጠራል። ያለፉትን ሁለት እስከ ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳየው የኤ ዋን ሲ ምርመራ ደግሞ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ሕመሙን ያመለክታል። ምልክት የሌለው ሰው በአንድ ውጤት ብቻ «የስኳር ሕመምተኛ» አይባልም፤ ምርመራው ይደገማል።

በእርግዝና ወቅት የሚከሰት የስኳር ሕመም

እርግዝና በራሱ የእናቲቱን ቆሽት ይፈትናል። እንግዴ ልጅ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ኢንሱሊን በሰውነት ውስጥ በቀላሉ እንዳይሠራ ይጫኑታል። ጫናው ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ እየበረታ ስለሚሄድ ቆሽት ከወትሮው እጅግ የላቀ መጠን ያለው ኢንሱሊን ለማምረት ይገደዳል። ይህን ማሟላት ሲያቅተው የደም ስኳር ከፍ ይላል። እናቲቱ ያጠፋችው ነገር ስላለ የመጣ አይደለም፤ ጣፋጭ ያልቀመሰች ሴትም ሊይዛት ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው ፌዴሬሽን በዚያው ዓመት ባወጣው ግምት በዓለም ላይ በሕይወት ከሚወለዱ 6 ሕፃናት መካከል የ1ዱ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ በአንድ ወይም በሌላ መልክ የደም ስኳር ከፍታ ይገጥማታል።

በቀደመ እርግዝናዋ ይህ ሕመም የነበረባት፣ 4 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ልጅ የወለደች፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የሞተ ጽንስ የወለደች፣ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ከእርግዝና በፊት ክብደቷ ከፍተኛ የነበረና ዕድሜዋ የገፋ ሴት ይበልጥ ተጋላጭ ናት። ይሁን እንጂ ከእነዚህ አንዱም የሌለባት ሴት ልትያዝ ስለምትችል «እኔን አይመለከተኝም» የምትል ነፍሰ ጡር ልትኖር አይገባም። በአገራችን ልማድ ደልዳላና ወፍራም ሕፃን ሲወለድ ቤተሰብ ይደሰታል። ደስታው ተገቢ ቢሆንም የሕፃኑ ክብደት በሚቀጥለው እርግዝና ለአዋላጅ ነርሷ ወይም ለሐኪሙ መነገር ያለበት መረጃ ነው።

ምልክቶቹን በተመለከተ፣ ጥምና ደጋግሞ መሽናት በማንኛውም እርግዝና የሚታዩ በመሆናቸው በእነርሱ መተማመን አይቻልም። የሽንት ምርመራም አስተማማኝ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ የደም ስኳሯ ጤናማ የሆነ ሴት ሽንት ስኳር ሊያሳይ፣ ከፍ ያለባት ሴት ሽንት ደግሞ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ የደም ምርመራ ነው። የተለመደው ጊዜ ከ24ኛው እስከ 28ኛው የእርግዝና ሳምንት ሲሆን፣ ከላይ የተዘረዘሩት አጋላጭ ሁኔታዎች ያሉባት ሴት ግን በመጀመሪያው የክትትል ቀን መመርመር ይገባታል። ክትትልን በጊዜ መጀመር የሚመከርበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ሙሉው ምርመራ የሚደረገው በባዶ ሆድ ደም ከተወሰደ በኋላ 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ ተበጥብጦ ተጠጥቶ፣ ከ1 ሰዓትና ከ2 ሰዓት በኋላ ደም በድጋሚ በመውሰድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባስቀመጠው መለኪያ በባዶ ሆድ 92፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 180፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 153 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻ እንኳ በእርግዝና ወቅት የተከሰተ የስኳር ሕመም መኖሩን ለመወሰን ይበቃል። በባዶ ሆድ 126 ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ 200 ከደረሰ ደግሞ ከእርግዝናው በፊት የነበረ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ክትትሉ ይጠብቃል። ምርመራው ግማሽ ቀን ያህል ሊወስድ ስለሚችል ቤት ውስጥ ያሉ ትንንሽ ልጆችን የሚጠብቅ ሰው ቀድሞ ማዘጋጀት ይጠቅማል።

ሕመሙ ካልታከመ ምን ያስከትላል? ስኳር እንግዴ ልጅን ተሻግሮ ወደ ጽንሱ ይደርሳል፤ የእናቲቱ ኢንሱሊን ግን አይሻገርም። የጽንሱ ቆሽት የመጣለትን ስኳር ለማስተናገድ ብዙ ኢንሱሊን ያመርታል፤ ትርፉም በስብ መልክ ይከማችና ጽንሱ ከልክ በላይ ይገዝፋል። በዚህም የተነሣ ምጥ ይጠናል፣ በወሊድ ጊዜ የሕፃኑ ትከሻ ሊያዝ ይችላል፣ በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድልም ይጨምራል። በእናቲቱ ላይ ከእርግዝና ጋር የተያያዘ የደም ግፊት ሊነሣ ይችላል። እትብቱ ሲቆረጥ ከእናቲቱ የሚመጣው ስኳር በድንገት ይቋረጣል፤ የሕፃኑ ኢንሱሊን ግን ገና ከፍተኛ ስለሆነ የሕፃኑ የደም ስኳር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። የስኳር መጠኑ ያልተስተካከለ እርግዝና በሞተ ጽንስ የመጠናቀቅ ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። በዚህ ምክንያት ሕመሙ ያለባት እናት በቤት ውስጥ ሳይሆን ሕፃኑን መለካትና ማከም በሚችል ሆስፒታል መውለድ ይኖርባታል። ሕፃኑም በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት መጀመር አለበት።

ሕክምናው በምግብና በእንቅስቃሴ ይጀምራል። ነፍሰ ጡር «ለሁለት ሰው ብላ» የሚለው ምክር በቅን ልቡና የሚሰጥ ቢሆንም በዚህ ሕመም ጊዜ ይጎዳል። ራስን ማስራብም እንዲሁ ይጎዳል። እንጀራን መተው አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መመጠን ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ከመብላት ይልቅ በሦስት መጠነኛ ማዕዶችና በመካከላቸው በሚወሰዱ ጥቂት መክሰሶች መከፋፈል፣ ከእንጀራው መጠን ቀንሶ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ጎመንና ሌሎች አትክልቶችን መጨመር ይመከራል። ለስላሳ መጠጥ፣ ስኳር የገባበት ጭማቂ፣ ማርና ብርዝ መቅረት አለባቸው። ሐኪም ካልከለከለ በቀር ከምግብ በኋላ መራመድ የደም ስኳርን ይቀንሳል። ግቡ በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ ከ120 በታች ማድረግ ነው። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህ ካልተሳካ ኢንሱሊን ይታዘዛል። ብዙ እናቶች ኢንሱሊን ሲታዘዝላቸው «ልጄን ይጎዳብኛል» ወይም «ከጀመርሁ ላልተወው ነው» ብለው ይሰጋሉ። ኢንሱሊን ወደ ጽንሱ አይሻገርም፤ በእርግዝና ወቅት የጀመሩትም አብዛኞቹ ከወሊድ በኋላ ያቆማሉ።

ነባር የስኳር ሕመም ያለባት ሴት ማርገዝ ስታስብ

የጽንሱ ልብ፣ አንጎልና ሌሎች አካላት የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና አላወቁም። በእነዚያ ሳምንታት ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር የአፈጣጠር ጉድለትንና ውርጃን ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ዓይነት 1 ወይም ዓይነት 2 ያለባት ሴት ስኳሯ እስኪስተካከል የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት እየተጠቀመች፣ እርግዝናውን አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር ማቀድ አለባት። ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ይጀመራል፤ የዓይንና የኩላሊት ምርመራ ይደረጋል፤ የምትወስዳቸው መድኃኒቶችም ይታያሉ። በተለይ ለደም ግፊት የሚታዘዙት እንደ ኢናላፕሪል ያሉ መድኃኒቶች ጽንሱን ስለሚጎዱ በሌላ መተካት አለባቸው። ሳታቅድ ያረገዘች ሴት መድኃኒቷን በራሷ ፈቃድ ማቆም የለባትም፤ ሳትዘገይ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ።

ከወሊድ በኋላ

እንግዴ ልጁ ሲወጣ ኢንሱሊንን ሲጫኑ የነበሩት ሆርሞኖች አብረው ይወገዳሉ፤ የአብዛኞቹ እናቶች የደም ስኳርም በቀናት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ብዙዎች ከክትትል የሚጠፉትም በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን በእርግዝና ወቅት የስኳር ሕመም የነበረባት ሴት ወደፊት በዓይነት 2 የመያዝ ዕድሏ ካልነበረባት ሴት ከሰባት እስከ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ከወለደች ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የ75 ግራም ግሉኮሱ ምርመራ ሊደገምላት ይገባል። ጊዜው ሕፃኑ የ6ኛና የ10ኛ ሳምንት ክትባቱን የሚወስድበት ስለሆነ ለልጁ ክትባት የመጣች እናት በዚያው ለራሷ ምርመራ መጠየቅ ትችላለች። ክርስትና የሚያስነሡ ቤተሰቦች በ40 እና በ80 ቀን መካከል ብለው ቢያስታውሱት ይቀላል። ውጤቱ ጤናማ ቢሆንም በየ1 እስከ 3 ዓመቱ መመርመር፣ እንዲሁም በቀጣዩ እርግዝና ገና ከመጀመሪያው ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ጡት ማጥባት ለሕፃኑም ለእናቲቱም ይበጃል፤ ወደፊት በስኳር ሕመም የመያዝ ዕድሏን ይቀንሳል። የአራስ ቤቱ ምግብ ግን ጥቂት ማስተዋል ይፈልጋል። ገንፎውና አጥሚቱ ሊቀርብ ይችላል፤ የሚጨመረው ማርና ስኳር፣ ጠያቂ ይዞ የሚመጣው ለስላሳ መጠጥም ቢቀር ይሻላል። አራሷን የሚንከባከቡ እናትና አማት ይህን አስቀድመው ቢያውቁ እርሷ በየቀኑ እንቢ እያለች ከመቸገር ትድናለች።

ከሕመሙ ጋር መኖር

ኢንሱሊን ለሚወስዱ ሕሙማን ዋናው ደንብ ሳያማክሩ አለማቋረጥ ነው። ዓይነት 1 ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሕይወቱ አስጊ ወደሆነ ሁኔታ ሊገባ ይችላል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ኢንሱሊኑን፣ መርፌውንና ምግቡን ይዞ ይሂድ። መራራ ዕፅ የሚወስድም ለሐኪሙ ይንገር እንጂ በመድኃኒቱ ፋንታ አይጠቀምበት።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም። ማቀዝቀዣ በሌለበት አንዱን የሸክላ ማሰሮ በሌላው ውስጥ አስቀምጦ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ በመጨመርና በጥላ ሥር በማኖር ማቆየት ይቻላል። ፀሐይ በሚነካው መስኮት ወይም በምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ግን ያበላሸዋል።

ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ እንክብሎችን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲያዘገይ ወይም ከባድ ሥራ ሲሠራ የደም ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረኃብና የልብ ምት መፍጠን ይታያሉ፤ ሲብስም ግራ መጋባትና ራስን መሳት ይመጣል። ይህን የሚያይ ሰው ሕመምተኛው የሰከረ ወይም ልክፍት የያዘው ሊመስለው ስለሚችል፣ ቤተሰብና የሥራ ባልደረባ ቀድመው ማወቅ አለባቸው። የነቃ ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው መድገም፣ ከዚያም ምግብ መስጠት ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

ጾምን በተመለከተ፣ ኢንሱሊን የሚወስዱና ነፍሰ ጡር የሆኑ ምእመናን ከመጾማቸው በፊት ከሐኪማቸው ጋር፣ እንደየእምነታቸውም ከንስሐ አባታቸው ወይም ከሃይማኖት መምህራቸው ጋር ይመካከሩ። ሃይማኖቶቹ ለሕሙማን ያስቀመጡት ቅለት ስላለ በዚህ መጠቀም የሚያሳፍር አይደለም።

እግርን በየማታው መመልከት፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅና በባዶ እግር አለመሄድ እግር ከመቆረጥ ያድናል። ነርቩ የተጎዳ እግር ሙቀት ስለማይሰማው እሳት ዳር ማሞቅ ወይም በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ ክፉኛ ያቃጥላል። ዓይን፣ ኩላሊትና እግር ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መመርመር አለባቸው፤ የደም ግፊት በእያንዳንዱ ቀጠሮ ይለካል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

የመጀመሪያው መድረሻ በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሙሉው የግሉኮስ ምርመራ በጤና ጣቢያው ከሌለ የሪፈር ወረቀት ተጽፎ ወደ ሆስፒታል ይላካሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት መታወቂያቸውን ይዘው መቅረብና የሪፈር ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይኖርባቸዋል። በየቀጠሮው የክትትል ካርድን፣ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው፣ በቤት የተለካ ውጤት ካለም ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈበትን ደብተር ይዞ መምጣት ያስፈልጋል። በገጠር የሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች የት መመርመር እንደሚችሉ የቀበሌያቸውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጠየቅ ይችላሉ።